ጎማዬን ናይትሮጅን ያስሞላሁ ጊዜ

መኪና መንዳት የጀመርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያውም ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ቀስ እያለ ብርሃኑን ወሰደበት። ሐኪሙ፣ "ዓይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል። ቀደም ብሎ ቢለካ ኖሮ..." አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ያችን ያልተጨረሰች ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያልተለካ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ የቆመችውን አሮጌ የቤት መኪና እንሽጣት ስለው እምቢ አለ።

"ተምረሽ አንቺ ንጂያት። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አሳይሻለሁ።"

"አሳይሻለሁ" ማለቱ ሁለታችንንም አሳቀን። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል እወስደዋለሁ። መውጣቱ ግድ የለም፣ መኪናዋ እያቃሰተችም ቢሆን ትወጣለች። የሚያስጨንቀኝ መውረዱ ነው። ቁልቁለቱ፣ መታጠፊያው፣ ከኋላዬ ጥሩምባውን የሚያምባርቀው መኪና። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ጎማው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእህቷ መኪና ጎማዋ ፈንድቶ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመች ካጫወተችኝ ወዲህ፣ አራቱንም ጎማ በእግሬ መታ መታ ሳላደርግ ከግቢ ወጥቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ እንኳ አንዱ ጎማ ተንፍሶ፣ መኪናዋ ወደ ጎን አዘንብላ ትታየኛለች።

አንድ ቀን ወደ መገናኛ ስወርድ አንድ ጎማ ቤት በር ላይ "ናይትሮጅን እንሞላለን" የሚል ጽሑፍ አየሁና ገባሁ። ሠራተኛው ትሑት ሰው ነበር።

"ናይትሮጅን እንደ ተራው አየር ቶሎ አያመልጥም። የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውንም አያዝገውም። አንዴ ካስሞሉት ይረሱታል" አለኝ።

"ይረሱታል" የምትለዋ ቃል ገዛችኝ። እኔ እንግዲህ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የምንተነፍሰው አየር አምስት ቦታ ቢከፈል አራት እጁ ያህል ናይትሮጅን መሆኑን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ እኔው ነኝ። ጎማዬ ውስጥ ያለው ቀድሞውንም አብዛኛው ናይትሮጅን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ጭንቀት ያለበት ሰው ዕውቀቱን አይደለም የሚሰማው። አስሞላሁ። ሠራተኛው የጎማዎቹን አየር መሙያ ቀዳዳ በአረንጓዴ ክዳን ዘጋልኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ለሦስት ሳምንት ግን ጎማ የሚባል ነገር ትዝ ሳይለኝ ከረምኩ። በእግሬ መምታቱንም ተውኩት።

አራተኛው ቅዳሜ ዝናብ ሲጥል ያደረበት ነበር። ከጠበል ተመልሰን እየወረድን ነው። ባለቤቴ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ድንገት ቀና አለ።

"ቀስ በይ።"

"ምነው?"

"መሪው ወደ ቀኝ አይስብሽም?"

ይስበኝ ነበር። "ትንሽ ይስበኛል፣ መንገዱ መስሎኝ" አልኩት።

"መንገዱ አይደለም። የፊት ቀኙ ጎማ ድምፁ ተለውጧል። ፍሬን በኃይል እንዳትረግጪ። ማርሽ ቀንሺ።"

ማርሹን ቀነስኩ።

"ከፊትሽ ሰው አለ?"

"እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች አሉ።"

"ዳር ይዘዋል?"

"ይዘዋል።"

"በይ መሪውን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። አሁንም ቀንሺ። ለጥ ያለ ቦታ ስታገኚ ዳር ያዢና ፍሬኑን ቀስ ብለሽ እየነካካሽ አቁሚያት።"

ያን ቦታ እስካገኝ ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፣ አጭር ሳይሆን አይቀርም። ባሕር ዛፎቹ ሥር የመንገዱ ዳር ሰፋ የሚልበት አገኘሁና ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ።

ወርጄ ሳይ ጎማው ቸርኬው ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ሚስማር ተሰክቶበታል፤ ጭንቅላቱ መንገድ እየፈተገው አብረቅርቋል፣ ከተሰካ ሰንብቷል ማለት ነው። ከሴቶቹ አንደኛዋ ደረሰችብን። ማንም ሳይጠይቃት ሸክሟን አወረደች፣ ትልቅ ድንጋይ ፈልጋ ከኋላው ጎማ ፊት ሸጎጠች።

"አይዞሽ እህቴ። ቁልቁለት አይታመንም" አለችኝ። ጓደኛዋ ደርሳ ሸክሟን እንድታነሳ አገዘቻት፣ ምስጋናዬን ጨርሰው ሳይሰሙ ሄዱ።

ባለቤቴ የመኪናዋን አካል እየዳሰሰ መጣና ተንበረከከ። ጎማውን በመዳፉ ዙሪያውን ዳበሰው። ወደ ውስጠኛው ጎን ሲደርስ እጁ ቆመ። "ንኪው" አለኝ። ነካሁት። ላስቲኩ እንደ ክረምት ያጣ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ቦታ ላይም እንደ እንቁላል አብጧል።

"ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?"

ያን ጊዜ ነገርኩት። ናይትሮጅኑን፣ አረንጓዴውን ክዳን፣ ሦስቱን ሳምንት፣ ሁሉንም። እንዲስቅብኝ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

"የምትፈሪው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?" አለ። "እኔ እኮ በየቅዳሜው የሌለ ፍሬን እየረገጥኩ ነው የምወርደው።"

ወደ እግሩ አየሁ። እኔ መንገዱን ብቻ ስለማይ፣ የእሱን እግር አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

ስኮርታውን፣ ቅያሪውን ጎማ፣ አብረን ገጠምን። ብሎኖቹን በጣቱ እየዳሰሰ ያላላው እሱ ነው፤ ክሪኩን ያቆምኩትና ቅያሪውን ጎማ ያነሳሁት እኔ። ተሳስቶ እጁን እንዳይጎዳ ስሰጋ፣ እሱ ደግሞ "እግርሽን ከሥር አውጪ" ይለኛል፤ እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

ፈረንሳይ እንደደረስን ባለቤቴን ከሹፌርነቱ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ሽማግሌ ጎማ ጠጋኝ ጋ ሄድን። ተጨንቄ ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ናይትሮጅኑ ነው የጎዳው?"

"ናይትሮጅኑ ምን አደረገ፣ ቲቸር? ጉዳት የለውም። ከተራው አየር ትንሽ ዘግይቶ ይቀንስ ይሆናል። ግን ሚስማር ጎማውን ውስጥህ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። ያረጀ ጎማም ምን ቢሞሉት ያረጀ ነው።" ከዚያ ጎማው ጎን ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች አሳዩኝ፣ የተሠራበትን ዘመን የሚናገሩትን። እኔ ጥርሱን ብቻ እያየሁ ደህና ነው ስል ኖሬያለሁ።

ሰዎች አሁን "ናይትሮጅን ያዋጣል ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለእኔ ቢጤ ነጂ ተራው አየር ይበቃል እላለሁ። ጋዙ አላታለለኝም። ሦስት ሳምንት ጎንበስ ብዬ እንዳላይ ያደረገኝ የራሴ ልብ ነው። የፊት ጎማዎቹን ወዲያው፣ የኋላዎቹን ቆይተን ቀየርን። ትንሽ መለኪያም ገዛሁ፤ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ አራቱንም እለካለሁ።

ያ በሆነ በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። "ዛሬ በታክሲ እንሂድ" አልኩት። አልተከራከረኝም። ስንመለስ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲንደረደር ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠና ጆሮዬ ላይ ተጠጋ።

"ጎማውን መቼ እንዳየው ጠይቂው።"

ጠየቅኩት። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ሳቀ። "እመቤታችን ትጠብቀናለች፣ እናቴ" አለ፤ ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም። እስክንወርድ ድረስ ሁለታችንም እግራችንን ወለሉ ላይ ተክለን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በራሳችን መኪና ሄድን።