ተስፌ ይሙት

ሀብተሥላሴ ልብስ ሰፊ ነው። ቦንጋ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ጥግ፣ አባቱ ያወረሱትን የእግር መኪና ዘርግቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቷል። እጁ ወርቅ ነው፤ ቃሉ ግን አይጨበጥም። ሱሪ ለሐሙስ ብሎ ይቀበልና ባለቤቱ እየተመላለሰ ጫማው ካለቀ በኋላ ያስረክባል። ከተማው ይህን አመሉን ያውቃል። እያወቀም ጨርቁን ይዞለት ይመጣል፤ ከእሱ የተሻለ የሚሰፋ የለማ!

ሁለተኛ ሥራው የሰፈሩን እድር ጡሩምባ መንፋት ነበር። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሲቀድ ይነሳና ጭቃውን እያቦካ፣ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል። «እገሌ አርፏል! ቀብር በስምንት ሰዓት!» ሦስተኛውን ሥራ ማንም አልሰጠውም፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን እሱን ነው። የቦንጋ ምርጥ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች መሪ ነበር።

የቡድኑ ነፍስ ደግሞ ተስፋሁን ነው። የማንኪራ ልጅ ነው። ከጫካው ቡና እየለቀመ፣ በዚያ ተዳፋት ሲወርድና ሲወጣ ያደገ፣ ገና ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው ግራ እግረኛ። ኳስ ከእግሩ ከገባች ተከላካይ ሁሉ ቁጭ ብድግ ይላል። ከተማው እንዴት እንደወደደው ለማወቅ መሐላውን መስማት ይበቃል። ድሮ «እናቴ ትሙት» ይል የነበረው ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ «ተስፌ ይሙት» ማለት ጀመረ። ክፋት የለበትም፤ ሰው የሚምለው በሚወደው ነው። ከሁሉ አብዝቶ የሚምለው ግን ሀብተሥላሴ ነበር። በዚያ ሰሞን አስተማሪዋ ሰብሌ ለእህቷ ሠርግ የሚሆን የቀሚስ ጨርቅ ሰጥታው ሦስት ጊዜ ተመላለሰች።

«ነገ ይደርሳል» አላት በሦስተኛው።

«ትናንትም ነገ ነበር ያልከው።»

«ተስፌ ይሙት፣ ነገ!»

ሰብሌ ይህን ስትሰማ አምናው ሄደች። በተስፌ የማለን ሰው ምን ይሉታል?

ተስፋሁን አንድ ተንኮል ነበረችው። ቡድኑ እየመራ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ማንም ሳይነካው ዘፍ ብሎ ይወድቃል፤ ሰዓት ይገድላል። ያኔ ሀብተሥላሴ ይነሳና የእድሩን ጡሩምባ በረዥሙ፣ ልክ በሞቱ አነፋፍ ይነፋል። «ተስፋሁን አርፏል! ቀብር በአሥራ አንድ ሰዓት!» ደጋፊው ደረቱን እየደቃ «ወይኔ ወንድሜን!» ይላል፤ የባላጋራው ደጋፊ በንዴት ይጨሳል። ተስፋሁን ከተጋደመበት አንድ ዓይኑን ይጠቅሳቸውና ጭቃውን አራግፎ ይነሳል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ቢሻው ቀልዱን ከሰሙ ቀን ጀምሮ አልወደዱትም።

«በሞት አይቀለድም፣ አንተ ልጅ» አሉት። «ጡሩምባው ለለቅሶ እንጂ ለጭፈራ አልተገዛም።»

«ጋሽ ቢሻው፣ ሞት ራሱ ሲቀልድብን አይደል የሚውለው!» ብሎ አሳቃቸው።

በ1999 ዓ.ም. መጋቢት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የሚዛን ቡድን መጣ። ቦንጋ አንድ ለባዶ እየመራ፣ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ተስፋሁን መሐል ሜዳ ላይ ወደቀ። ኳሱ ከእሱ ሩቅ ነበር። ሀብተሥላሴ ደስታው ወሰን አጣ፤ እንደዚያን ቀን አሳምሮ ነፍቶ አያውቅም። «ተስፋሁን አርፏል!» ሜዳው በሳቅና በውሸት ለቅሶ ተናወጠ። ዳኛው ሮጦ መጣና ተነስ አለው፤ እምቢ ቢለው በተጋደመበት ቢጫ ካርድ አሳየው። ሕዝቡ ይበልጥ ሳቀ። ቃሬዛ የያዙትም እየሳቁ፣ እያዘገሙ ገቡ። ፊቱን ያዩት የእኛ በረኛና የሚዛኑ አጥቂ ሁለቱም ራሳቸውን ይዘው ቁጭ ሲሉ ነው ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ መሞት የጀመረው። ከኋላ ያሉት ግን ገና «ወይኔ ወንድሜን» ይላሉ።

በአይሱዙ ጭነው ሐኪም ቤት አደረሱት፤ አልቆለት ነበር። ልቡ ነው አሉ፤ ከልጅነቱም ሳይኖርበት አልቀረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ደረቴን ይወጋኛል ሲል ሀብተሥላሴ «ፍቅር ይዞህ ነው» ብሎ አስቆት ነበር።

ሲነጋ ጡሩምባውን ያዘና ወጣ፤ ሥራው ነዋ። ብዙው ደጋፊ ትናንት ሐኪም ቤት ተወሰደ ሲባል ቢሰማም እንደ ልማዱ የሚነሳ መስሎት ነበር፤ መሞቱን ገና አልሰማም። «ተስፋሁን አርፏል! ቀብር በስምንት ሰዓት!» ሰው ከየበሩ ብቅ አለ፤ ሳቀ። አንዱ ከአልጋው ሳይወርድ «ይነሳል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው እያጨበጨበ ወጣ፤ ለድሉ የሚዞር መስሎታል። ሀብተሥላሴ ቢለምን፣ እንባው በጉንጩ ቢወርድ፣ «አቤት ሲያውቅበት!» አሉት። ሰብሌ ነጠላዋን ተከናንባ ከግቢዋ ወጣች።

«የኔንም ቀሚስ ይደርሳል ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«እውነቴን ነው፣ ሰብሌ።»

«በል ማል!»

ሀብተሥላሴ የለመደ አፉ አመለጠው። «ተስፌ ይሙት፣ ሞቷል!»

 ያ ቃል ካፉ ሲወጣ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ሁሉም አይተዋልና ከዚያ በኋላ ማንም ማል አላለውም። ሰብሌ ራሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ለቅሶውም ከእሷ ደጃፍ ተነስቶ ከተማውን አዳረሰ።

በቀብሩ ላይ ከዞን የመጣ አንድ ኃላፊ ሁለት ገጽ አነበበ። ተስፋሁን «ልማታዊ ስፖርተኛ» ነበር፤ ሞቱም «ትልቅ ጋፕ» ይፈጥራል አለ። ልጁ በሕይወት ሳለ የኳስ ጫማ ጠይቆ ማመልከቻው ዓመት ሙሉ «ፕሮሰስ ላይ» ነበር። ይህን ያህል ቃል ለሞተ ሰው ከሚያፈሱ አንድ ጫማ በሕይወት ላለው ቢሰጡ ምን ነበረበት? የሀብተሥላሴን አንጀት ያሳረረው ግን ኃላፊው አልነበረም። እናትየው ነበረች። አልጋነሽ የምትባል፣ አንድም ቀን ኳስ አይታ የማታውቅ፣ ንብ አናቢ ባሏን ቀብራ ይህን አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት። ይቅር ካላለችኝ ጡሩምባም መኪናም አልነካም ብሎ ለራሱ ቆረጠ።

በሣልስቱ ከደጋፊዎቹ ጋር በእግሩ ማንኪራ ወረደ። ሌሎቹ ስኳርና ቡናቸውን አስቀምጠው ዳር ዳር ሲይዙ አልጋነሽ እሱን አጠገቧ አስቀመጠችው። አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን ቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው።

«ጡሩምባው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።» ስድቡን ጠበቀ። እርግማኑንም ጠበቀ። ስለ ጡሩምባው ግን ሌላ ቃል አልተናገረችም።

«በልጄ ትምሉ ነበር አሉ። ተስፌ ይሙት ትሉ ነበር?»

«ብንወደው ነው፣ እትዬ። ሰው በጠላው አይምልም።»

«አውቃለሁ። እኛም ጋ እንዲያ ነው።» እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። እውነት የቸገራት ነገር ነበር፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለማወቅ ነው የጠየቀችው። «የሐሰት መሐላ የማሉበትን ሰው ይይዛል ይባላል። ይህ ሁሉ ሰው ሆናችሁ፣ ይህን ሁሉ ቀን ስትምሉበት... ውሸት አልነበረበትም? አንድ እንኳ?»

ሀብተሥላሴ ቀና ብሎ አያት። የሰብሌ የቀሚስ ጨርቅ መቀስ ሳይነካው፣ እንደታጠፈ፣ ከመኪናው ሥር መሆኑ ትዝ አለው።

«አልነበረም፣ እትዬ» አላት።

ሊምልላት ፈለገ፤ የሚምልበት ግን አጣ።