የጓደኛዬ ጉርሻ

ሁለተኛ ክፍል ያስተማረችን እትዬ ከመምህራን ማሠልጠኛ መውጣቷ ነበር። ጎፈሬዋ በበር አያሳልፋት፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ፤ ኮልፌ በሙሉ ዞር ብሎ ነበር የሚያያት። እኔ ግን ወደድኳት፣ ምን ላድርግ! «ሰው ሁሉ አንድ ነው» ትለናለች። ክርስቲያን እስላሙ፣ ጉራጌ ኦሮሞው በአንድ ድምፅ እንደግማለን። ከዚያ ደጅ ወጥተን እንፈነካከታለን።

አንድ ቀን ማስደገሙ ሰለቻት መሰለኝ፣ «ነገ ምሳ ይዛችሁ ኑ፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን» አለች። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን ነው። እኔ የበግ አልጫ፣ አብራኝ የምትቀመጠው ሙስሊሟ ጓደኛዬ ደግሞ ቀይ ወጥ ይዘን ሄድን። እትዬ የሁላችንንም ምሳ ዕቃ ሰብስባ ትሪው ላይ ገለበጠችው። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ፣ ቆጮው ሳይቀር ተደባለቀ! እንግዲህ ማን ይብላው? አንዱ የሌላውን ሥጋ አይነካ። እጃችንን አጣጥፈን ቁጭ አልን።

«ምግብ ምግብ ነው!» ብላ ከተደባለቀው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ለጓደኛዬ ዘረጋችላት። የጓደኛዬ አባት፣ መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው፣ ሃይማኖቷን የሚነካ ነገር ከሰማ ያኔውኑ ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጣት ምሎ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። የእትዬን ጉርሻ ደግሞ ማን ይመልሳል? ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንገቴን አስግጌ ዋጥ አደረግኩት።

ድንጋጤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ሰለምኩ ማለት ነው?» አልኳት እያለቀስኩ።

«ኧረ በአንድ ጉርሻ አይሰለምም» አለችኝ፤ እርግጠኛ ግን አልመሰለችኝም። በማርያም ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ ለመንኳት። ወላሂ አልናገርም አለች።

ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ አባቷ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። «ምን በላሽ?» አላት።

«ምንም። የኔን እሷ በላችልኝ» ብላ ወደኔ አትጠቁም መሰላችሁ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ነገሩን አንድ በአንድ ጠይቆ አውጣጣን። አሁን ገብቶ እትዬን ሊጮህባት ነው ስል፣ ጎንበስ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም አልነግራት።»

በማግስቱ ጓደኛዬን ቦታዋ ላይ አገኘኋት። ደስታዬ! ምሳ ዕቃዋን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። አባቷ ለሁለታችን የሚበቃ ሽሮ አስይዟት ነበር።