መምህርት ማርያማዊት ደጃፋችንን ስታስጽፍ

መምህርት ማርያማዊት ከራቤል ተዛውራ ሞላሌ ስትመጣ አልወደድኳትም። ምክንያት አልነበረኝም፤ ምክንያቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ቀድሜ ጠረጠርኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የቄስ ልጅ ናት አሉ። ነጠላዋ ንጹሕ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ አከራይዋን ወይዘሮ ጥሩሸዋን እንኳ ቀና ብላ የማታይ። እንዲህ ያለ ሰው በሆዱ የያዘው ነገር ቢኖር ነው እንጂ እንዲሁ ጭምት አይሆንም አልኩ።

ልጄ ህሊና ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አማርኛ የምታስተምራት እሷው ሆነች። ብዙም ሳይቆይ መምህርቷ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ልጆቹን እየሰበሰበች ስለ ሰላም ግጥም ታስጽፋለች የሚል ወሬ ሰማሁ። በዚህ ጊዜ ሰላም ብሎ የሚመጣ ሰው ወይ ያስፈርማል፣ ወይ ስም ይመዘግባል። ህሊናን ምን እንደምትላቸው ጠየቅኳት።

«ስለ ሩቅ ሰላም አትጻፉ፤ ከደጃፋችሁ ጀምሩ ትለናለች» አለችኝ።

ከደጃፋችን! የሰው ደጃፍ ምን አገባት? እኔ ከበግ ፀጉር ባና የምሠራ ሸማኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ አውርጄ መወርወሪያ ስወረውር በደጄ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደተመለሰ አንድም አያመልጠኝም። ያን ዕለት ግን እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። የምደብቀው ነገር ነበረኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ዳኜ በድንበር ጠብ ታናሽ ወንድሜን አንዷለምን በዱላ መትቶ ገደለው። ታሰረ፤ ጨርሶ ወጣ። ከአራት ዓመት በፊት ሽማግሌዎች አስታረቁን። ዳኜ በደንቡ መሠረት ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ እግሬ ሥር ተንበረከከ። እኔም ቄሱ መስቀል ይዘው በቆሙበት ላልበቀል ምዬ፣ «ይማርህ» ብዬ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳሁለት። ድንጋዩ እዚያው ሜዳ ላይ ተጥሎ መቅረት ነበረበት። እኔ ግን ሰው ከተበተነ በኋላ ተመልሼ አመጣሁት፤ ከሽመናዬ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ለምን ብትሉኝ፣ አልማርኩትማ! በአፌ ምሬ በሆዴ ይዤዋለሁ። ይህ ቢታወቅ መሐላ አፍራሽ ተብዬ እወገዛለሁ። ከዚያም የሚብሰው፣ የዳኜ ወገን «ሊበቀለን ነው» ብሎ ሊቀድመኝ ይችላል።

አንድ ቀን ህሊና ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ደብተሯን ገለጥኩት። ድቁና ጀምሬ ያቋረጥኩ ነኝና ማንበብ አያቅተኝም። እንዲህ ይላል፦

«ይማርህ» አለና በሰው ፊት ላይ ቆሞ፣
ገባ ወደ ቤቱ ድንጋዩን ተሸክሞ።
ሰላም የት ነው ቢሉኝ ጣቴን የት ልቀስር?
ከሽመናው ጉድጓድ፣ ካባቴ እግር ሥር።

ይቺ ልጅ መቼ አይታኝ ነው? ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «በወላጆች ቀን ታነቢዋለሽ?» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ደግሞ በሚቀጥለው ሐሙስ ደብተር የምትለዋወጠው ልጅ ስም አለ፤ መሳፍንት ዳኜ። የዳኜ ልጅ!

ደብተሩን ከጋቢዬ ሥር ሸጉጬ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገስኩ።

«ማን ነው የላከሽ?» አልኳት፣ እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳልላት።

«ማንም አልላከኝም።»

«ልጄን ከዳኜ ልጅ ጋር ማን አጣመራት?»

«ዕጣ ነው፣ ጋሼ። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያወጡት።»

«በስልክሽስ ግጥሙን አንስተሽዋል?»

ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። ካሜራ የሌላት፣ ቁልፏ የተላላጠ ስልክ ናት። ቢሆንም ገለባብጬ አየኋት።

«ገጹን ከፈለጉ ይቅደዱት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ግን ህሊና እያየችዎት ይሁን። እስከዚያ መሳፍንትም አያየውም። በወላጆች ቀን ማንበቡንም አለማንበቡንም እሷ ትወስን።»

እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እምቢ ካለኝ ሰው ጋር እጣላለሁ፤ እሺ ካለኝ ጋር ምን አደርጋለሁ? ቤት ተመልሼ ደብተሩን ከቦታው አኖርኩት። ልጄ ፊት መቅደድ አቃተኝ። እውነቷን ነውና አፈርኳት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ዳኜ ግድግዳውን ተደግፎ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከኋላዬ ሆኖ ሊያደባብኝ ነው አልኩ። ህሊና ተጠራች። ደብተሯን ገለጠችና ወደ እኔ ተመለከተች።

«የኔ ገና አላለቀም» ብላ ተቀመጠች።

እግዜር ይስጥሽ ልጄ አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ መሳፍንት ተነሳ። አባቱን ሳያይ፣ ወረቀቱን ብቻ እያየ አነበበ፦

ይቅርታ ተሰጥቶት ዕርቁ ከወረደ፣
ያባቴ እንቅልፉ ወዴት ተሰደደ?
ግድግዳ ተደግፎ ፊቱን ለበር ሰጥቶ፣
ጉርሱን ይጥለዋል ውሻ ሲጮህ ሰምቶ።

ያጨበጨበ የለም። ሰዉ አንዴ ወደ ዳኜ፣ አንዴ ወደ እኔ ይገላመጣል። እኔም ዞሬ አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በኮፍያው ፊቱን ይጠርጋል። አራት ዓመት ሙሉ ያደባብኛል ያልኩት ሰው ለካ ሲፈራኝ ነው የኖረው። ይህን ስንት ቀን ተመኝቼው ነበር! ሳየው ግን ደስ አላለኝም፤ አንጀቴን በላው።

ወደ መንደራችን የሚወርደው መንገድ አንድ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ በተራ ካልሆነ አያሳልፍም። እኔና ዳኜ ደም የተቃባን ስለሆንን ማናችንም ቀድመን ጀርባችንን አንሰጥም። አንዳንዴ ሁለታችንም ቆመን ፀሐይ ትጠልቅብናለች። ያን ዕለትም ስደርስ አፋፉ ላይ ቆሟል።

«ድንጋዩ እኔ ቤት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «በማግስቱ ገደል ልሰደው ብዬ ተመልሼ ፈለግኩት። አጣሁት።»

«ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ ልናገር፣ አባይነህ? ወንድምህን የገደልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ዓይኔን ከእሱ አንስቼ ወደ ኋላ አየሁ። መምህርት ማርያማዊት ልጆቻችንን ልትሸኝ መጥታ ከነሱ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች፤ እንደ ልማዷ መሬት መሬት ታያለች። ልጆቻችንን ያጣመረው ያ ዕጣ፣ ዕጣ አልነበረም። እስከ ዛሬ አላምናትም።

ጀርባዬን ለዳኜ ሰጥቼ ቀድሜ ወረድኩ። ጀርባዬን በረደኝ። ኮቴውን ከኋላዬ በሰማሁ ቁጥር ልዞር እልና እተወዋለሁ። መንደራችን እስክንደርስ አልዞርኩም።