ዛሬስ ጠራው?

ሴንጋማላም ልጇን በር ላይ «ደህና ዋልክ?» ብላ ተቀብላው አታውቅም። ካዲርቬል ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ፣ እግሩን ተለቃልቆ፣ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ የምትጠይቀው ያችኑ አንዷን ነው።

«ዛሬስ ጠራው?»

«ጠራው፣ አማ።»

«መልስ የለም?»

«የለም።»

«ይሁን፤ ነገም ቀን ነው» ትልና ሩዙን ልታወጣ ትገባለች። የሳይዳፔት ሠፈር ጎረቤቶች ይህን ንግግር በግድግዳ ሲሰሙ ኖረው ለምደውታል። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ እንዲያውም «እናንተ እያላችሁ የእጅ ሰዓት መግዛት አያስፈልገኝም፤ 'ጠራው' ሲባል የስፌት ሲንጀሬን እዘጋለሁ» እያለች ትቀልዳለች። ትቀልድ እንጂ ደረጃውን ስትወጣ ወደ በራቸው ቀና ብላ አታይም።

ካዲርቬል የሚለው ስም የአያቱ ነበር። ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ተወለደና ወረሰው። በሴንጋማላም ዘመዶች ዘንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም ለሌላ አይሰጥም፤ እንደመግደል ነው የሚቆጥሩት። ካዲርቬልም አድጎ ቼናይ ውስጥ በአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ለሰው ሲነገር አይጥምም፤ ለሚስት ፈላጊ ደላላ ሲነገርማ ጭራሽ አይጥምም። ምድር ቤቱ ውስጥ ሜይንፍሬም የሚባል፣ የደንበኛውን ሁሉ ሂሳብ የያዘ ትልቅ ኮምፒውተር አለ። በየከተማው ያሉት ማሽኖች ከዚህ ትልቅ ጌታ ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም፤ መሀል ላይ ጌትዌይ ቆሟል። መሥሪያ ቤቱ «በረኛው» ይለዋል። ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ፣ ማን እስከ መቼ ይጠብቅ የሚለውን አንድ በአንድ ጽፎ የሚሰጠው ካዲርቬል ነው። በረኛው ከተጻፈለት ውልፍት አይልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በባሕር ዳሯ ከተማ ናጋፓቲናም ካርዱን ኤቲኤም ውስጥ ሲከት፣ ትልቁ ኮምፒውተር ገንዘቡን ያዝ ያደርግና «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ሰጠኸው ወይስ አልሰጠኸውም?» ይላል። ኤቲኤሙ «ሰጠሁት» ካለ ጉዳዩ ይጸናል። «አልሰጠሁትም» ካለ ይሰረዛል። ምንም ሳይል መስመሩ ቢቆረጥስ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ አልጸናም፣ አልተሰረዘም፤ ሂሳቡ ተቆልፎ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። በረኛው ታዲያ የዚያን ማሽን ስም እየጠራ «ያ ነገር ምን ሆነ?» እያለ ይጠይቃል። እስከ መቼ ይጥራ የሚለውን የሚወስነውም ያው ካዲርቬል ነው።

ታላቅ ወንድሙ ፓሪ በዚህ ሥራ ሲያሾፍበት ነው የኖረው። ፓሪ ናጋፓቲናም ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግን፣ እጁ ዘይት አፉ ጨዋታ የማያጣ ሰው ነበር። ገንዘብ ሊያወጣ በሄደ ቁጥር አስቀድሞ ይደውላል።

«አንተ በረኛ! ተነሥ፣ ጌታህ መጥቷል፤ ክፈት።»

ባሕሩ ከዳርቻው ወጥቶ ከተማው ላይ የመጣ ዕለት እሑድ ነበር፤ ተረኛው ካዲርቬል። ፓሪ እንደ ልማዱ ደወለ፣ አሾፈ፣ ሳቀ፣ ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የናጋፓቲናም መስመር ጠፋ። ቀጥሎ ያሉት የባሕር ዳር ከተሞችም ተራ በተራ ከስክሪኑ ላይ ጠፉ። ገና ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም። የተንጠለጠሉ ጉዳዮች ተደረደሩ፤ ደንቡ «ጥቂት ጠብቅና ሰርዝ» ነው፣ በረኛውም ይሰርዝ ጀመር። አንዱ ግን የፓሪ ነበር። የካርዱን ቁጥር ካዲርቬል በቃሉ ያውቀዋል። ጣቱ እንዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አይገባውም፤ የዚያችን ማሽን ደንብ ከፈተ፣ «ሰርዝ» የሚለውን አጠፋና «ጠብቅ» ብሎ ጻፈ። እስከ መቼ የሚለውን ባዶ ተወው።

ካዲርቬል ናጋፓቲናም ሄዶ ፈለገው። ሆስፒታሉን፣ ሰው የተጠለለበትን ትምህርት ቤት፣ አሸዋው ላይ የተደረደሩትን ሁሉ ጨርቁን እየገለጠ አየ። ኤቲኤሙ የነበረበት ቤት መሠረቱ እንኳ የለም። ፓሪ የውሃ ሽታ ሆነ።

ብቻውን ሲመለስ እናቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ እህል በአፏ አልዞረም። ሞቷል ይበላት? ሬሳ የለ። አለ ይበላት? የት? አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«አማ፣ ማሽኑ አሁንም እየጠራው ነው።»

ሴንጋማላም ቀና ብላ አየችው። «ይጠራዋል?»

«ይጠራዋል።»

ያን ማታ ሩዝ ጠቅልላ ጎረሰች። አይ ካዲርቬል! ለአንድ ማታ ብሎ የተናገረው ነገር ዕድሜውን በላበት።

ሬሳው ላልተገኘ ሰው ወግ አለው። በቁመቱ ልክ ከሣር ሰው ይሠራለታል፣ ያ ሣር ይቃጠላል፣ ነፍስም መንገዷን ትይዛለች። ሴንጋማላም «እየተጠራ ያለ ሰው አይቃጠልም» አለች፤ አለቀ። አዲ በሚባለው ወር ጨረቃ በምትጠፋበት ቀን ካዲርቬል ባሕር ዳር ወርዶ ለሟች አባቱ ሰሊጥና ውሃ ያፈሳል፤ ለወንድሙ አያፈስም። ጠዋት ጠዋት ለሙታን ተብሎ ሰገነቱ ላይ ሩዝ ይቀመጣል። በሙታን ስም የሚበላው ቁራ ይመጣል፣ ሩዙን ያያል፣ ካዲርቬልን ያያል፣ ሳይነካው ይሄዳል። በሌሎች ሰገነት ላይ ተናጥቆ ይበላል እኮ!

ጋብቻውም እንደዚያው ሆነ። ታላቅ ሳያገባ ታናሽ አይቀድምም። ደላሎች መጥተው «ታላቁ አግብቷል?» ይላሉ። «አላገባም።» «ሞቷል?» «እንጃ።» ቡናቸውን ጨልጠው ይወጣሉ። ካዲርቬል ከልቡ የወደዳት አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ጠበቀችው፣ ጠበቀችውና ሌላ አገባች። አልፈረደባትም።

ከሁሉ የከፋው ግን መጥራቱ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያቺ መስመር ብልጭ ባለች ቁጥር ካዲርቬል ጭቃ ውስጥ የተቀበረች ሣጥን ይታየዋል፤ ፊት ለፊቷ ሰው ቆሟል፣ ካርዱን እንደያዘ። ሲጠራ ሰውየው ዞር ይላል፣ ማንንም አያይም፣ ይመለሳል። እንደገና ይጠራል፤ እንደገና ዞር ይላል። «እንቅልፍ የምንነሳው እኛ ነን» ይል ነበር ካዲርቬል ለራሱ፤ አንጀቱን ይበላዋል። ማጥፋት ግን አልሆነለትም። ለሥራ ዕቃዎች በሚደረገው በዓል ዕለት መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሩን ሁሉ አጥፍቶ፣ የሰንደል እንጨት ቅባትና ቀይ ዱቄት ቀብቶ፣ አበባ አንጠልጥሎ ያሳርፈዋል። በረኛውንም አበባ ያለብሱታል፤ አያጠፉትም። «ይሄ አያርፍም» ይላል ካዲርቬል። የጽዳት ሠራተኛዋ ይህን ከሰማች ወዲህ ያንን ጥግ አትጠርግም።

እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ፤ ባንኩ አዲስ በረኛ ገዛ። ካዲርቬልን እንድታግዝ ኑርጃሃን የምትባል አፏ የማያርፍ ወጣት መሐንዲስ ተመደበች። እንደ ታላቅ ወንድም «አንና» እያለች ነው የምትጠራው።

«አንና፣ ይሄ ሽማግሌ በረኛችሁ የሚጠራው ማንን ነው? እንዲህ የሚባል ማሽን የለም እኮ።»

«ነበረ።»

«ነበረማ አይጠራም። ወይ ይጽና በለው፣ ወይ ይሰረዝ በለውና ገላግለው።»

«እስቲ አንቺ በዪው።»

እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች፤ ፊቱን አየችና መለሰችው። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እንዳለ ወደ አዲሱ አሻግሪው።»

«ከነጣጣው?»

«ከነጣጣው።»

ቀጥለው የየከተማውን ማሽኖች ስም ለአዲሱ በረኛ ይመግቡ ጀመር። ናጋፓቲናም ላይ ከባሕሩ ራቅ ብሎ አዲስ ኤቲኤም ተተክሏል።

«ይሄንንስ ማን ልበለው?» አለች ኑርጃሃን።

ካዲርቬል የሻይ ብርጭቆውን እያየ ነበር። «የድሮዋን ስም ስጪው። ክፍት ነው።»

«የሟቿን?»

«ክፍት ነው አልኩሽ እኮ።»

ጻፈችው። እንደ ዋዛ አለፈ። ሰው ከባዱን ነገር የሚሠራው እንዲህ ሻይ ሻዩን እያየ ነው።

አዲሱ በረኛ ሥራ የጀመረ ጠዋት አለቆቹ ሁሉ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ቆሙ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ከተሞቹ ገቡ። ከዚያ ያቺ የታወቀችው መስመር ብልጭ አለች፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ጠራ። ያ ነገር ምን ሆነ? ካዲርቬል እንደ ልማዱ ዐይኑን ሊያነሣ ሲል ከሥሯ ሌላ መስመር ወጣች። መልስ ነበር።

«ጉዳዩን አላውቀውም።»

ክው አለ። በረኛ የሚጠራው በስም ነው፤ ያን ስም አሁን የያዘው አዲሱ ማሽን ነው፤ ስለተጠራ አቤት አለ። ስለ አሮጌው ጉዳይ ግን ከየት አምጥቶ ይወቅ? የወዲያኛው ወገን አላውቅም ካለ ደንቡ ይሰረዝ ነው፤ በረኛው ሰረዘው። የፓሪ ሂሳብ ከተቆለፈበት ተፈታ። የተንጠለጠለ ነገር የለም የሚል ንጹሕ ስክሪን ቀረ። አለቆቹ አጨበጨቡ።

«አንና፣ አየኸው? ራሱ ፈታው» አለች ኑርጃሃን እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «አንና? ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ...»

«ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ያን ቀን ሙሉ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ዋለ። መስመሯ አልመጣችም። ጭቃ ውስጥ የቆመውን ሰው አሁን ማንም አይጠራውም፤ አረፈ ይሆን፣ ወይስ ብቻውን ተጣለ? ካዲርቬል ይህን የሚነግረው የለም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ።

አውቶቡስ ውስጥ ውሸቱን ሲለማመድ መጣ። ጠራው፣ መልስ የለም፤ ስንት ዓመት ያለው አይደል? ጫማውን አወለቀ። እግሩን ተለቃለቀ።

«ዛሬስ ጠራው?»

«ጠራው፣ አማ።»

«መልስ የለም?»

አፉን ከፈተ። ውሸቱ አልወጣም።

«አለ።»

ሴንጋማላም የበሩን መቃን ያዘች። «ምን አለ?»

«አላውቀውም አለ።»

«ማነው እሱ፣ ልጄን የማያውቅ?»

«አዲስ ማሽን ነው፣ አማ። የድሮዋን ስም ይዞ ነው የመለሰው።»

«ስሟን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

አንድ ነገር ስታኝክ የቆየች ያህል አገጯ ተንቀሳቀሰ።

«በቁሙ ያለ ሰው ስም አይወረስም» አለች በመጨረሻ። «ይህን ታውቃለህ። ያንተ ራሱ የማን እንደነበር ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ መሞቱንም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያ እሑድ ጀምሮ።»

ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ደስ ባለው። እሷ ግን «ገንዘቡስ? ሰጠው?» አለች።

«አልሰጠውም። ተሰረዘ።»

«ባዶ እጁን ሄደ በለኛ ልጄ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ የሳሪዋን ጫፍ ነክሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ካዲርቬል ሊያቅፋት ፈለገ፤ የሚገባው ሰው እንዳልሆነ ተሰማውና ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆመ።

ፊቷን ጠረገች። «ሣሩን ነገ አስመጣ።»

«እሺ።»

«ቁመቱን እንዳይሳሳቱ። ልኩን ይዘህ ሂድ።»

«ቁመቱን...» አለና አቆመ። አፈረ። «ልኩን ረስቼዋለሁ፣ አማ።»

«ምን ይረሳል? አንድ ሱሪ ስትነጣጠቁ አይደል ያደጋችሁት። ቁመታችሁ እኩል ነበር። ና፣ ተኛ።»

ምንጣፉን ዘረጋችለት። ካዲርቬል በጀርባው ተንጋለለ። ሴንጋማላም የአበባ መሰኪያ ክሯን አምጥታ ጫፉን አናቱ ላይ አስያዘችው፤ ተንበርክካ በግንባሩ፣ በደረቱ፣ በጉልበቱ ላይ እየሳበች ወረደች። ስትነካው እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«አትነቃነቅ።»

ተረከዙ ጋ ስትደርስ ክሩን ወጥራ ያዘችና ቆየች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራት እንደምትጠራው አድርጋ ጠራችው።

«ፓሪ።»

የካዲርቬል አንገት ሊዞር ፈለገ። ትንፋሹን ዋጠ፣ ጣራውን እያየ ደርቆ ተኛ። ከታች የልብስ ሰፊዋ ሲንጀር ዝም ብሏል። ማንም አቤት አላለም።

ሴንጋማላም ክሩን ተረከዙ ላይ ቋጠረች፤ በጥርሷ በጠሰችው።

«ተነሥ፤ ሩዙ በርዷል።»