የቀድሞው አስተዳዳሪ ድንበር ሊያዩ የመጡ ቀን

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሮቤ ከተማ የመለዋወጫ ሱቄን ከፍቼ የኮምባይነር ቀበቶ እየሰቀልኩ ሳለ አባቴ ደወለ። አባቴ ስልክ ላይ ሰላምታ ያበዛል። የዚያን ቀን ግን ደህና አደርሽ እንኳን አላለኝም።

«አደም መጥቷል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሱቁን ዝጊና ነይ።»

አደም የሚለው እኛ ኦቦ አደም የምንላቸውን፣ ክልል ያስተዳደሩትን ሰው ነው። ሲናና ወረዳ ውስጥ ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል። በሁለት በሬ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ መጀመሪያ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኑ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን... በመጨረሻ ቴሌቪዥን ላይ ሪባን ሲቆርጡ አየናቸው። አባቴ እሳቸው በታዩ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ እኮ ቀንበር ከእኔ ይዋስ ነበር» ይለን ነበር። አምና ከሥልጣን ወረዱ ተባለ፣ ከዚያ ወሬያቸው ጠፋ።

እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ገበሬ ቤት ሲመጣ ደግ ነገር አይታየኝም። በዚያ ላይ ከተማው ወደ እኛ በኩል ሊሰፋ ነው የሚል ወሬ ከርሟል። ያቺ ማሳ እኛን ልጆቹን ያስተማረች ናት፤ አባቴ ከእሷ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ስደርስ ደጃፋችን ላይ የቆመችው አንዲት ባጃጅ ናት። አጃቢ የለ፣ ላንድክሩዘር የለ። ኦቦ አደም አግዳሚው ላይ ከአባቴ ጎን ተቀምጠዋል፤ በፌስታል ተምር ይዘው መጥተዋል። ጥርጣሬዬ ባሰ። በመኪና ቢመጡ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የመጡበት ነገር ይገባኛል። ተምሩን አልነካሁም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አደም?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው... የሁሴን ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሆነሻል» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው «ተነስ እንጂ ሁሴን፣ ድንበሩን አሳየኝ» አሉት።

ድንበር። ይኸው መጣ አልኩ በልቤ።

«ጭቃ ነው፣ ጫማዎ ይበላሻል» አለ አባቴ። ዝናብ ካየን ሰንብተናል።

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ የምትለኝ?»

«ጉልበቴንም አሞኛል... ሌላ ቀን ብናደርገውስ?»

እኔ በሆዴ ጎበዝ አባቴ እላለሁ፤ ተንኮላቸውን ቀድሞ ነቅቶበታል። ላግዘው ብዬ ኮስተር አልኩና «የማሳ ጉዳይ ከሆነ ከቀበሌ ጋር ቢነጋገሩ ይሻላል» አልኳቸው።

ኦቦ አደም አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ሐጅ ልሄድ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሜ መሄድ አልችልም፤ የበደልኩትን ሰው ሁሉ እየዞርኩ አውፍ በሉኝ እያልኩ ነው» አሉ። «ገበሬ እያለሁ ባረስኩ ቁጥር አንድ አንድ ፈር ወደ አባትሽ ማሳ እገፋ ነበር። ድንበራችን ወይራዋ ነበረች፣ እሷን አልፌ ገባሁ። አባትሽ እያየ ዝም አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሕዝብ ሳስተዳድር ያቺ መሬት ከሆዴ አልወጣችም። ልመልስለት ነው የመጣሁት።»

አፈርኩ። ግን እውነት ለመናገር ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም... መሬት ሊወስድ የሚመጣ ባለሥልጣን አውቃለሁ፣ ሊመልስ የመጣ አይቼ አላውቅም። አባቴ ደስ ይለዋል ብዬ ዞር ስል ፊቱ አመድ መስሏል።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አለ ፈጠን ብሎ። «ሁሉንም። ማሳው ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ተምር እንብላ።»

«አይሆንም። በዓይኔ አይቼ፣ የድንበር ድንጋይ ተክዬ ነው የምመለሰው።»

ተነስተው ሄዱ፣ ተከተልናቸው። አባቴ እያነከሰ ወደኋላ ቀረ።

ማሳው ጋ ስንደርስ ኦቦ አደም ወይራዋን በዓይናቸው ፈለጓት። ወይራዋ የእኛ ስንዴ መሃል ቆማለች። ከወይራዋ ወዲህ የእኛ ስንዴ፣ ከወይራዋ ወዲያም የእኛ ስንዴ... የእሳቸው ገብስ የሚጀምረው እዚያ ማዶ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያቺን ዛፍ የማሳችን መሃል አድርጌ ነው የማውቃት፤ አጨዳ ሲሆን ጥላዋ ሥር ምሳ እንበላ ነበር።

ኦቦ አደም ወይራዋን አዩ። አባቴን አዩ። አባቴ ሰማይ ያያል።

«ሁሴን...»

«አቤት።»

«እኔ በበሬ ነበር የገፋሁት።»

«አዎ።»

«አንተስ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትራክተር መጣ» አለ። «ትራክተር ደግሞ... አንዴ ከገባ ለመመለስ ያስቸግራል።»

ለካ ኦቦ አደም ወደ ሥልጣን ከሄዱ በኋላ ማሳቸውን ያረሱት ድንበሩን የማያውቁ የእኩል አራሾች ናቸው። አባቴ መጀመሪያ የተወሰደበትን አስመለሰ። ከዚያ ማቆሚያው ጠፋው።

ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ኦቦ አደም ወይራዋ ሥር ቁጭ አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ክልል ያስተዳደርኩት እኔ... ግዛት ያሰፋኸው አንተ» አሉት።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ የወሰድኩብህን አውፍ ብለኸኛል። አንተ የወሰድክብኝን አዝመራው ሲነሳ እዚህ ወይራዋ ድረስ ትመልሳለህ።»

«ኢንሻአላህ» አለ አባቴ።

«እሷን ቃል እኔም ስብሰባ ላይ ብዙ ብያታለሁ። ድንጋይ አምጣ።»

ድንጋዩን ተሸክሞ ያመጣው አባቴ ነው። ጉልበቱን ምንም አላመመውም።

ባጃጇ አቧራዋን እያስነሳች ወደ ሮቤ ስትመለስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኛት። አፍሮ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዓይናችን ስትጠፋ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«ግን ይሄ ሰውዬ እውነት ምን ፈልጎ ነው የመጣው?» አለኝ።

እኔ ከሐሙስ ወዲህ የምጠረጥረው ሌላ ሰው ነው።