የሕፃናት ሐኪሙ ምስክሮች

ትናንት ልጄ ዘሃራ ትኩሳት የያዘውን ልጇን አቅፋ፣ ስልኳ ላይ የሕፃናት ሐኪም ትመርጥ ነበር። «እማ፣ ይሄኛው ውጭ አገር ነው የተማረው፤ የምስክር ወረቀቱን ሁሉ ለጥፎታል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። አንቺን ያተረፈሽ ሰው ወረቀት አልነበረውም ልላት ከአፌ ደርሶ ዋጥኩት፤ ልጅ ታሞ ክርክር አይያዝም።

ያኔ ዘሃራ ዓመት አልሞላትም። ኸሪፍ ገብቶ፣ የክረምቱ ዝናብ በስደት የምንኖርበትን የሳጃናን ሰፈር መንገድ ጭቃ አድርጎት፣ ዝንቡ መቆሚያ አሳጥቶን ነበር። ተቅማጥ ይዟት ዓይኗ ጎደጎደ፤ እንባዋም ደረቀ። ጎረቤታችን ዶክተር ኃይሉ አገር ቤት የሕፃናት ሐኪም ነበሩ፤ ድንበር ሲሻገሩ ዲፕሎማቸውን ከነሻንጣው ወንዝ ወሰደባቸው። ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ከእኩለ ቀን እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ በሻይ ማንኪያ አጠጧት። ስታለቅስ እንባ ወጣት። «በቃ፣ ተርፋለች» አሉኝ። በልጅ እንባ ደስ የሚል ቀን አለ ለካ።

በዚያው ሰሞን ያለ ፈቃድ ያክማሉ ተብለው ጤና ቢሮ ተጠሩ። ዲፕሎማ ከሌለ ሙያቸውን የሚያውቅ ምስክር ያቅርቡ ተባለ። እኔ ጀሪፍ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ አሠሪዬ መዳም አትሄጂም ብትልም ከሳቸው ጋር ሄድኩ።

የቢሮው ጸሐፊ ፉሉን በዳቦ እየጠቀሰ ቀና ብሎ አየኝ። «ሴት አንድ አትበቃም፤ ሁለት ሁኑ» አለ። ሳጃና ተመልሼ ጎረቤቴን ዘይነባን ከምታጥበው ልብስ ላይ ጎትቼ አመጣኋት።

«ሲመረቁ አይታችኋል?»

«ሲያድኑ ነው ያየነው» አለች ዘይነባ። «የሷንም ልጅ፣ የኔንም።»

«እሱ ምስክርነት አይደለም።» የዶክተር ኃይሉ የፈቃድ ማመልከቻ ላይ የእምቢታ ማኅተሙን መታ።

ልንወጣ ስንል ወደ ዶክተር ኃይሉ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ዶክቶር፣ ልጄ ያስላል። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል።»

«አሁን ማን ብለህ ጠራሃቸው? ዶክተር?» አልኩት።

«ተይ፣ ሰዓዳ» አሉኝ ዶክተር ኃይሉ። «የታመመው እሱ አይደለም።» ተመልሰው ተቀመጡ። ስለ ልጁ ዕድሜና አተነፋፈስ ጠየቁት፤ ከዚያ፣ «ያላ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰደው» አሉት። ፉሉን ትቶ ሮጠ። ማኅተሙ እንደተመታ ቀረ።

ዶክተር ኃይሉ ጀብራ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ሲያስጭኑ ቆይተው፣ ዓመት ሳይሞላ አገሩን ለቀው ሄዱ። በቀጣዩ ኸሪፍ ዘይነባ ትንሹን ልጇን ቀበረች። ያው ተቅማጥ ነበር፤ በማንኪያ የሚያጠጣ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ወረቀት አይጠየቅ አልልም፤ አታላይ ሞልቷል፤ ዘሃራም ትጠይቅ። የጸሐፊው ልጅ መዳኑን በኋላ ሰምቻለሁ። ደስ ይለኛል፤ ሕፃን ምን አደረገ? የዘይነባ ልጅስ ምን አድርጎ ነበር?