በጆሮዬ ብቻ ታወራ የነበረች እህቴ

አክስቴ እስክትሞት ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ የምታወራው፣ እኔ ታናሽ እህቴን ከጀርባዬ ጥዬ አፏን እንዳሰርኩት፣ አክስቴ ራሷ ደግሞ እንዳስፈታችው ነበር። ዛሬ እሷም የለች፣ ሰሚዎቿም አልቀዋል፤ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

እህቴ የተወለደችው ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ዋሻ ውስጥ ነው። መንደራችን ተቃጥሏል፤ አባቴ ከአርበኞች ጋር ወጥቶ ቀርቷል። ገሳይ ከሚባለው አገር በታች ባለው ገደል አምስት ቤተሰብ ሆነን ተደብቀን ነበር። ከበላያችን ባንዳዎች ይመላለሳሉ፤ ገደሉ ደግሞ ድምፅ ያስተጋባል። አብረውን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ማንም ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ ገዘቱ። ጸሎት እንኳ በከንፈር ብቻ ሆነ። የሚያለቅስ ሕፃን የያዘች አንዲት ሴት ሌላ ዋሻ ፈልጊ ተብላ ስትሄድ አይቻለሁ። ማን እንዳላት አውቃለሁ፤ ልጆቹ በሕይወት ስላሉ አልጽፈውም።

እናቴ የሚበላ ፍለጋ ስትወጣ እህቴን በአንቀልባ አዝዬ የምውለው እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። መሬት ላይ አላወርዳትም፤ የያዝነው ቦታ ከአንድ መደብ አይሰፋም፣ ጫፉም ገደል ነው። ስታለቅስ አፏን በመዳፌ እይዛለሁ፤ አፍንጫዋን እንዳልሸፍን እናቴ አሳይታኛለች። ጥቂት ወራት እንዳለፉ መዳፌ አላስፈለገም። አፏን ትከፍታለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። ጥርስ ያላበቀለች ልጅ ይህን እንዴት ተማረችው? አምስት ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ በሹክሹክታ አወራላት ነበር። ያ ጭላዳ ነው፣ ልጁን አዝሏል። ያ ጭስ አይደለም፣ ጉም ነው። ያ አጋም ነው፣ ሲጠቁር እንበላዋለን። ይገባታል ብዬ አልነበረም፤ ዝምታው ከብዶኝ ነው። ሁለተኛ ዓመቷን አልፋ ጥቂት እንደቆየች አንድ ቀን ከአንገቴ ሥር "ጠቆረ" የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። ዘወር ብዬ አጋሙን አየሁት። ጠቁሯል።

ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ረኃቡ ጠናብንና ደብረ ታቦር ዳር ወደምትኖረው የአባቴ እህት ቤት ገባን። አክስቴ ዋሻ አላየችም፤ ከከተማው ሳትወጣ የጣሊያን ፉርኖ ዱቄት ስትበላ ከርማለች። እህቴን መሬት ላይ አስቀምጣ አየቻት፤ ልጅቱ አትቆምም፣ አትድህም፣ ድምፅም የላትም። እህቴ ግን ወለሉን በመዳፏ መዳሰስ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን በደረቷ ተሳበች። በሳምንቱ ዳዴ አለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ እናቴ አማተበች፤ እኔም አማተብኩ።

ድምፅ ግን አልመጣም። አክስቴ ፈረደች፤ እኔ ልጅቱን ጥያታለሁ፣ ምላሷም ታስሯል። አንድ ጊዜ አንቀልባው ተፈቶ ጭኔ ላይ ተንሸራትታብኝ ነበር። ይህን አክስቴ አታውቅም፣ እንድታውቅም አልፈለግኩም። የነገርኳት ልጅቱ በጆሮዬ እንደምታወራ ነው።

"ላንቺ ብቻ የምታወራው የንስሐ አባቷ ነሽ?" አለችና በጥፊ መታችኝ።

እናቴን አየኋት። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ያን አልረሳሁትም።

በእኛ አገር ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቀር ከምላሱ ሥር ያለውን ጅማት የሚቆርጡ ሴቶች ነበሩ። የአንድ ጎረቤት ልጅ በዚያው ደም ፈስሶት መሞቱን ሰምቻለሁ። አክስቴ አንዷን አስጠራች።

ሴትዮዋ በጠዋት መጡ፤ አሮጊት ናቸው። ደጅ ተቀምጠው ምላጫቸውን ከጨርቅ ፈቱ። "የጣለች እጅ አሁን ትያዛት" ብላ አክስቴ ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። እህቴ ምላጩን አየች፤ ከንፈሯን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

"እማማ፣ እባክዎ ጆሮዎን ያስጠጉ" አልኳቸው። "አንድ ጊዜ ብቻ።"

አክስቴ ልትመታኝ ስትነሣ አሮጊቷ በእጃቸው ከለከሏት። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ከጆሮዬ አጠገብ አደረጉት። እህቴ ለእኔ የጀመረችውን ሁለታችንም ሰማን።

"እታ፣ ባንዳ ናት? እንሽሽ።"

አሮጊቷ እንዳጎነበሱ እሳቸውም በሹክሹክታ፣ "ባንዳ አይደለሁም ልጄ" አሏት።

"ምላጩስ?" አለች እህቴ።

አሮጊቷ ሳቁ። ምላጩን መልሰው እየጠቀለሉ ወደ አክስቴ ዞሩ። "አንቺ ሴት፣ ይቺስ አንቺንም ታስከነዳለች። ምላሷ ደህና ነው። ጮክ ማለት የሚያስገድል መስሏት ነው።" የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ሄዱ።

እናቴ ጆሮዋን ልታስጠጋ ወደ እህቴ ስትቀርብ እኔ ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅኩላት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል እህቴን ከቤቱ ፊት ወዳለው የገብስ ማሳ ወሰድኳትና ጮህኩ። የእኔም ድምፅ ዝጎ ነበር። እህቴ ማን እንደሚመጣ ለማየት ወደ ጋራው ተመለከተች። ማንም አልመጣም። ደግሜ ጮህኩ። አሁንም ማንም አልመጣም። ሦስተኛውን እሷ ሞከረች። እንደ ጫጩት የሰለለ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ። ደነገጠችና ከኋላዋ ማን እንደጮኸ ለማየት ዞረች። ማንም አልነበረም። የራሷ መሆኑን ስታውቅ ፊቷ ላይ ያበራውን ነገር በዕድሜዬ ሁለተኛ አላየሁትም፤ ከአፏ የወጣችውን ራሷን ገና ያን ጊዜ ያየቻት ይመስል ነበር።

አክስቴ ወደ ደጅ ወጥታ ዝም በሉ አለችን። እህቴ ወደ እሷ ዞራ፣ በሙሉ አፏ፣ እንደገና ጮኸች።